የኦርኩ የግሩዳ አሟሟት

ቪሮኳ፣ ዊስኮንሲን
ኦክቶበር 14 ቀን 1984
(ሳይላክ የቀረ)

ለሊዮና፣

ዛሬ ሰላምታውን ማስቀደም አልቻልኩም፤ እንዴት ነሽ ብዬ የምጠይቅበት አፍ የለኝም። መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ። «በዚያ ጉም ውስጥ፣ ሦስት መንገድ እያለን፣ ኦርኮቼ በጥቁር ውሃ ረግረግ እንደሚሻገሩ በምን አወቅክ?» ብለሻል። ያወቅኩት የትዕዛዝ ወረቀትሽን ስላነበብኩት ነው።

ሴፕቴምበር 20 ቀን ከአቶ ኤልዉድ ሃዝ ፖስታ መጣልኝ። በዚህ የፖስታ ጦርነት ጨዋታችን አንቺ ለባለ ክራንቻ ኦርኮችሽ፣ እኔ ለረጅም ጆሮ ኤልፎቼ በየዙሩ የምናዘውን ጽፈን ለእሳቸው እንልካለን፤ እሳቸውም እንደ ዳኛ «ደርሷል» የሚል ማኅተም መትተው የካርቦን ግልባጩን ለየባለቤቱ ይመልሳሉ። እኔ ደግሞ የስልሳ አንደኛውን ዙር ትዕዛዜን ገና አልላክሁም ነበር። ስለዚህ አዲስ ካርታ የላኩልኝ መስሎኝ ከፈትኩት። ውስጡ ያንቺ ወረቀት ነበር። ስምንት ዓመት የኔን አድራሻ ሲጽፍ የኖረ እጃቸው በልማድ የኔን ጽፎበታል።

ደንቡን ታውቂዋለሽ። የሌላ ሰው ትዕዛዝ የደረሰው ሳያነብ አጥፎ ይመልሳል፣ ዙሩም እንደ አዲስ ይጀመራል። ይህን ደንብ ያረቀቅነው እኔና ወንድምሽ ካዝ ነን፤ ማዲሰን ተማሪዎች ሳለን፣ እኔ ኤልፎቹን እሱ ኦርኮቹን ይዘን ጦርነቱን በጀመርንበት ክረምት።

አነበብኩት። እስከ ታች አነበብኩትና ወንበር ስቤ እንደገና አነበብኩት። አምስት ዙር በተከታታይ አሸንፈሽኛል። እዚህ አይብ ፋብሪካ ጨዋታውን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አርብ አርብ ዓሣ ልንበላ ስንቀመጥ «ኦሪን፣ የአውቶቡስ ሾፌሯ ኦርኮች በዚህ ሳምንት ስንት ኤልፍ በሉ?» ይሉኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይንገበገብ ነበር። ለአንዴ፣ ለዚህች አንዴ ብቻ ብዬ ቀስተኞቼን በረግረጉ ድልድይ ግራና ቀኝ ደበቅኩ። የኦርኮችሽን አለቃ ግሩዳን የፈጠረው ካዝ እንደሆነ እያወቅኩ። ካዝ ሲሞት ያንን ኦርክ አንቺ ማዘዝ የጀመርሽው ጨዋታ ወደሽ እንዳልሆነም እያወቅኩ።

ይህን ደብዳቤ ነገ ጠዋት ፖስታ ቤት ሲከፈት እልከዋለሁ።

ኦሪን ትቬይት


ቪሮኳ
ኦክቶበር 15 ቀን 1984

ውድ ሊዮና፣

እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽስ ጉልበታቸው እንዴት ሆነላቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራ ብቻ ነው፣ ከአይቡ ጋር አብረን እየሻገትን ነው።

ስለ ግሩዳ ከልቤ አዝኛለሁ። የአቶ ኤልዉድን ዘገባ ሳነብ፣ ወጣቶቹ ኦርኮች ተሻግረው እስኪያልቁ ድልድዩን ብቻውን ይዞ ቆመ የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እንደዚህ ዓይነት ኦርክ ከእንግዲህ አናይም።

በምን አወቅክ ላልሽኝ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ፣ ግምት ነው። ጉም ሲወርድ ኦርክ ረግረግ ይወዳል ብዬ ገመትኩ፣ ያዘልኝ። ዕጣ የሚጣልበት ዳይስም በዚያ ቀን ከኔ ጋር ነበር። ባትጠይቂኝ ደስ ይለኛል፤ ያሸነፈ ሰው ስለ ድሉ ሲያወራ አያምርበትም።

የላክሽልኝን የፓስቲ፣ የባለ ሥጋና ድንቹን ዳቦ፣ አሠራር ሞከርኩት። ሊጡ ምድጃ ውስጥ ተሰነጠቀና ድንቹ ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ። ለማንኛውም በላሁት።

አክባሪሽ
ኦሪን


ኤስካናባ፣ ሚሺገን
ኦክቶበር 25 ቀን 1984

አንተ ረጅም ጆሮ፣

ሰላም ነው? እኛ ደህና ነን። እናቴ ስለ ጉልበቷ የጠየቃት ሰው በመገኘቱ ደስ ብሏት ሁለቱንም ልታሳይህ ትፈልጋለች። ሊጡ የተሰነጠቀብህ ቅቤ አብዝተህ ነው፤ «የዊስኮንሲን ሰው ቅቤ ካየ አይኑ ይጠፋል» ብላሃለች።

ከደብዳቤህ በኋላ በላክሃት ካርድ «ተቀየምሽኝ ወይ?» ብለሃል። ኧረ ምን በወጣህ! ጠላቴ ነህ፣ ብትገድልብኝ ምን ይገርማል? ይልቅ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማንም አላወራሁትም።

የጦርነቱን ዘገባ ያነበብኩት አውቶቡሱ ውስጥ ነው፣ ተማሪዎቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ባዶውን ስመለስ፣ መንገድ ዳር አቁሜ። «ግሩዳ ወደ ኋላ አልዞረም» የሚለው ጋ ስደርስ አለቀስኩ። ማልቀስ ብቻ አይደለም፣ መሪው ላይ ተደፍቼ ድምፄ እስኪዘጋ። ካዝ ሐይቁ ላይ በረዶው ከድቶት ከገባ አራት ዓመት ከስምንት ወር ሆነው። በቀብሩ ቀን እናቴን የሚደግፍ ሰው ስላልነበረ አላለቀስኩም። ከዚያ በኋላ ደግሞ እንባዬ እምቢ አለኝ። ሰው ሁሉ «ጠንካራ ናት» ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን ልቤ የደረቀ መስሎኝ ነበር። አንተ ያንን የካዝን ኦርክ ስትገድለው መጣልኝ። የካዝ አሟሟት ለማንም ያልጠቀመ ሞት ነበር፤ ግሩዳ ግን ስልሳ ወጣት አሻግሮ ሞተ። ስለዚህ አመሰግንሃለሁ። ለኤልፍ ምስጋና መጻፍ ለኦርክ ምን ያህል እንደሚተናነቅ እወቅልኝ።

የከነከነኝ ነገር ግን አለ። የስልሳ አንደኛው ዙር የትዕዛዝ ካርቦኔ አልተመለሰልኝም። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ካዝም እያለ፣ አንድም ጊዜ ቀርቶ አያውቅም። አቶ ኤልዉድን ስጠይቃቸው ልኬዋለሁ አሉ። ኦሪን፣ ያንተን ቀስተኞች አቀማመጥ እንደገና አየሁት። ግምት እንደዚያ አይቆምም። አንተን አይደለም የምጠረጥረው፤ አንድ ሰው ወረቀቴን ሽማግሌው ቤት አይቶ ወሬው ሳታውቀው ጆሮህ የገባ ይመስለኛል። ጆሮህ ደግሞ ረጅም ነው። ለጨዋታው ጋዜጣ «ትዕዛዜ ከዳኛው እጅ አፈትልኳል» ብዬ ጽፌያለሁ። አጠፋሁ እንዴ?

ባለ ክራንቻዋ
ሊዮና


ቪሮኳ
ኖቬምበር 6 ቀን 1984

ውድ ሊዮና፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሳምንት አለፈው። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ማሽን ተበላሽቶ ነበር። ማሽኑ የተሠራው በሁለተኛው ቀን ነው፣ እሱንም ልደብቅሽ አልችልም።

ስለ ለቅሶሽ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። እባክሽ አታመስግኚኝ። ትሕትና አይደለም፣ እውነቴን ነው።

ስለ አቶ ኤልዉድ፣ በጋዜጣ ባይወጣ ጥሩ ነበር። ፖስታ እኮ ይጠፋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ያሳምማቸዋል። ለማንም ወረቀት የሚያሳዩ ሰው አይደሉም። ይህን ያህል ብቻ ልበል።

በቅርብ ካርድሽ ጀርባ ላይ «አንድ ኤልፍ በአራት ኦርክ ይቆጠር ያለው ማነው?» ብለሻል። እኔ ነኝ። ካዝ «ሁለት ይበቃል» ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ተከራክሮኝ ተሸነፈ። ያኔ ያልኩት ይህን ነበር፦ ኤልፍ ሰባት መቶ ዓመት ይኖራል፣ አንዱን ስትገድዪ የአምስት መቶ ዓመት ትምህርት አብሮ ይቀበራል። ኦርክ በስምንት ዓመቱ ጦር ይይዛል፣ ሠላሳ ከሞላው ሽማግሌ ነው፣ ቢሞት በማግስቱ ይተካል። ኤልፍ በቀስትና በትዕግሥት ይዋጋል፣ ኦርክ በብዛትና በንዴት። ኤልፍ ቃሉን ይጠብቃል፣ ኦርክ ያደባል። በዚህ ሁሉ ላይ ተመስርተን ነው ሠንጠረዡን የሠራነው።

ስምንት ዓመት ከተጫወትኩ በኋላ ግን ሰንጠረዡ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይታየኛል። ሠላሳ ዓመት ብቻ ያለው ፍጡር ድልድይ ላይ ሲቆም ያለውን ሁሉ ነው የሚሰጠው። ሰባት መቶ ዓመት ያለው ደግሞ አንዴ ካጠፋ ጥፋቱን ተሸክሞ ስድስት መቶ ዓመት መኖር አለበት። ኦርክ ከሆንሽ ቶሎ ትገላገያለሽ። ይህን ስጽፍ ምን እያልኩ እንደሆነ አላውቅም፣ አትስቂብኝ።

ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ኦሪን


ኤስካናባ
ኖቬምበር 19 ቀን 1984

ኦሪን፣

የአጋዘን አደን ስለተከፈተ አውቶቡሴ ግማሹ ባዶ ነው፣ ለመጻፍ ጊዜ አገኘሁ። መቀለድ ግን አልቻልኩም።

አቶ ኤልዉድ ዳኝነቱን ተዉ። ጋዜጣው ከወጣ በኋላ አርባ ከሚሆኑት ተጫዋቾች አስራ አንዱ ጽፈው «ከእንግዲህ ለእርስዎ ትዕዛዝ አንልክም» ብለዋቸዋል። ቅዳሜ ደወሉልኝ። ተቆጥተው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! ድምፃቸው ጥፋቱ እንደተያዘበት ተማሪ ነበር። «ልጄ፣ ልኬዋለሁ። ፖስታውን ዘግቼ፣ ቴምብር ለጥፌ፣ በእጄ ሳጥኑ ውስጥ ስጨምረው ትዝ ይለኛል» አሉ። ቀጥለውም «ግን ካልደረሰሽ… ትዝ የሚለኝ የሌላ ቀን ይሆናል» አሉ። እንዲህ ያስባልኳቸው እኔ ነኝ።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ልጃቸው ኮሪን ጋዜጣውን አንብባ «አባዬ፣ መርሳት ጀምረሃል፤ ብቻህን መኖር አትችልም» ብላቸዋለች። ፖርቴጅ ያለውን ቤታቸውን ዘግታ ከአዲስ ዓመት በኋላ የአረጋውያን መጦሪያ ልታስገባቸው ነው። እሳቸውም እሺ ብለዋል። «ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ደብዳቤ አልጠፋብኝም፤ አሁን ራሴን ካላመንኩ ልጄ ብትወስን ይሻላል» አሉኝ። የካዝን የመጀመሪያ ወረቀት፣ ግሩዳን የፈጠረበትን፣ በፖስታ ላኩልኝ። «እኔ ጋ ሆኖ እንዳይጠፋ» ብለው።

ኦሪን፣ አንተ ከኔ በፊት ነው የምታውቃቸው። ንገረኝ፣ ባለፈው ዓመት ሲረሱ አይተሃቸዋል? ካየህ፣ ልጃቸው ልክ ናት፣ እኔም ያደረግኩት ለበጎ ሆነ ብዬ እተኛለሁ። ካላየህ ግን አንድ ቤት ያለውን ሽማግሌ ያለ ቤት አስቀርቻለሁ። እውነቱን ንገረኝ እንጂ ላታስከፋኝ ብለህ አታሽሞንሙንልኝ።

ሊዮና


ቪሮኳ
ዲሴምበር 2 ቀን 1984

ሊዮና፣

አቶ ኤልዉድ ምንም አልረሱም። ካርቦንሽን ልከውታል። የላኩት ግን በኔ አድራሻ ነው፤ ፖስታው እኔ ጋ ነበር። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ፣ ወረቀቱ ያንቺ ነው። ሴፕቴምበር 20 ቀን ደረሰኝ። አነበብኩት። ቀስተኞቼን በእሱ መሠረት አሰለፍኩ። ከዚያም አይኔን በጨው አጥቤ «ግምት ነው» አልኩሽ።

ኦክቶበር 14 ቀን ሁሉንም ጽፌልሽ ነበር። ጠዋት ፖስታ ቤት ሄጄ፣ ተራዬ ደርሶ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት እጇን ስትዘረጋ «ቴምብር ብቻ ስጪኝ» ብዬ ወጣሁ። ያንን ደብዳቤም ጨምሬዋለሁ። ያነበብሽው እንደሆነ ነገ እልከዋለሁ ይላል፤ እንደምታዪው ሰባት ሳምንት ሆኖታል።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ማግስቱን ወደ ፖርቴጅ ነዳሁ። ላንቺ ከመጻፌ በፊት እሳቸው ማወቅ ነበረባቸው። ኮሪን በሩን ከፈተችልኝ፤ ሳሎኑ ውስጥ እቃው በካርቶን እየታሸገ ነበር። አቶ ኤልዉድ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ዛሬውኑ የሚሄዱ ይመስል። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስድብ ስጠብቅ እጃቸውን ዘረጉና ፖስታውን ተቀበሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው አድራሻውን አዩት፣ ማኅተሙን አዩት፣ ቀኑን አዩት።

ከዚያ «ኮሪን! ኮሪን፣ ነይ እዪ! ልኬዋለሁ! ይኸው፣ የኔ ጽሑፍ ነው፣ ልኬዋለሁ!» እያሉ ጮኹ። ተነሥተው አቀፉኝ። እኔን! ሊዮና፣ ቢመቱኝ ይሻል ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ የተመኘሁት ያን ጊዜ ነው። ኮሪን ግን አላቀፈችኝም። ካርቶኖቹን አየች፣ እኔን አየች፣ «ሁለት ወር ሙሉ?» አለች። አባቷን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ቤቱ አይዘጋም። ካርቶኖቹን በሚቀጥለው እሁድ ሄጄ መልሼ እንድፈታ ጠይቄያለሁ፤ ኮሪን ገና እሺ አላለችም። ለጋዜጣውም በስሜ ጽፌያለሁ፣ ያለ ምንም ማስዋቢያ። እዚህ አይብ ፋብሪካም ነገርኳቸው። አርብ ዕለት ማንም አልቀለደብኝም፣ ዓሣቸውን በልተው ቀድመው ወጡ።

ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት ገና አልደፍርም።

ኦሪን


ኤስካናባ
ዲሴምበር 21 ቀን 1984

ኦሪን፣

መልሱ እንዲቆይ ያደረግኩት አስቤ ነው። በመጀመሪያው ቀን ብጽፍልህ ኖሮ ፖስታ ቤቱ ሊያደርሰው የማይፈቀድለት ደብዳቤ ይሆን ነበር። እናቴ ቀለሙን ደበቀችብኝ።

ስለ ወረቀቱ ብዙ አልልም። ሰው ወረቀት ያያል፣ ይፈተናል፣ ይወድቃል። ስለ አቶ ኤልዉድም እኔ አንተ ላይ የምፈርድበት አፍ የለኝም፤ ስማቸውን በጋዜጣ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጽፌ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፣ እሳቸውም የገና ካርድ ላኩልኝ። በትክክለኛው አድራሻ።

አንድ ነገር ግን መልስልኝ። ኦክቶበር ላይ የላክሁልህን ምስጋና መልስልኝ። አራት ዓመት ከስምንት ወር ጠብቄ የመጣልኝን ለቅሶ ላንተ ነገርኩህ፣ እሱም ተንኮል ላይ የተሠራ ሆነ። አሁን የግሩዳን ሞት ሳስብ ካዝ አይመጣልኝም፤ የምትመጣብኝ አንተ ነህ፣ ወጥ ቤትህ ውስጥ ወንበር ስበህ ወረቀቴን እያነበብክ። ያሸነፍከኝ እንደሆነ አሸነፍከኝ፤ ይህን የወሰድክብኝን ግን እንዴት እንደምታስመልስልኝ አላውቅም።

አቶ ኤልዉድ ስልሳ አንደኛው ዙር ይደገም፣ ግሩዳም ይነሣ ብለው ጠይቀውኛል። ከመመለሴ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ።

እኔና አንተ የተዋወቅነው በምርኮኛ ነው። ካዝ በሞተ በዓመቱ ሁለት ኦርኮቼን ማረክህና፣ በደንቡ መሠረት ማራኪው ራሱ ለጠላቱ መጻፍ ስላለበት «ለተከበሩት የኦርኮች አለቃ» ብለህ ጻፍክልኝ። አራት ወር ተደራደርን። ኤልፎችህ የተከበበ አለቃ ገድለው አያውቁም፤ ይማርካሉ። ግሩዳ ቆስሎ፣ ተከቦ፣ ብቻውን ነበር። ለምን አልተማረከም? ዘገባው አይናገርም። አቶ ኤልዉድን ስጠይቃቸው «የእሱን ትዕዛዝ ላንቺ ማሳየት አልችልም፤ ራሱን ጠይቂው» አሉኝ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ደንቡን ይጠብቃሉ። እንግዲህ ጠየቅኩህ።

ሊዮና


ቪሮኳ
ጃንዋሪ 4 ቀን 1985

ሊዮና፣

እሁድ ካርቶኖቹን ልፈታ ሄጄ ነበር፣ ኮሪን ፈቀደችልኝ። ስመለስ ደብዳቤሽን አገኘሁት። ልዋሽሽ አንድ ቀን ሙሉ ምክንያት ፈለግኩ፤ ዳይሱ ነው ልልሽ ነበር። ይህንንም እወቂልኝ።

ግሩዳ ያልተማረከው እንዳይማረክ ስላዘዝኩ ነው። በትዕዛዜ የመጨረሻ መስመር ላይ «ምርኮኛ አይያዝ» ብዬ ጽፌያለሁ። በስምንት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብዬ ጽፌ አላውቅም። አቶ ኤልዉድም ገርሟቸው ነበር፤ «ይህ ያንተ ነው?» ብለው ደውለው ጠየቁኝ፣ «የኔ ነው» አልኩ።

ለምን ብትይኝ፣ ምርኮኛ ቢኖር ልጽፍልሽ ግድ ይሆንብኝ ነበር። ብጽፍልሽ ደግሞ ወር፣ ሁለት ወር እንደራደራለን፤ በመሃል «በምን አወቅክ?» ትይኛለሽ፣ አንዴ ሳይሆን በየደብዳቤው። ያንን ጥያቄ እየመለስኩ መኖር ስላልቻልኩ ግሩዳን አስገደልኩት። ወረቀቱን ሳነብ ለማሸነፍ ነበር። ያንን መስመር ስጽፍ ግን ድሉ በእጄ ነበር፤ የጻፍኩት እፍረቴን የሚያይብኝ እንዳይኖር ነው። ድልድዩ ላይ የሚቆመው የካዝ ኦርክ እንደሆነ አውቅ ነበር። ስሙን አስቤ፣ የካዝን ፊት አስቤ ጻፍኩት።

ወረቀትሽን ማንበቤን ሰው ሁሉ አውቆታል። ይህን ግን ካንቺ በቀር የምነግረው የለኝም። ሳትጠይቂኝ ልነግርሽ ይገባ ነበር።

ኦሪን


ኤስካናባ
ጃንዋሪ 17 ቀን 1985

ኦሪን፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለብቻዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ሦስተኛውን እናቴ «ምን አለ?» ስትለኝ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ይሄስ ከብዶት ነው የጻፈው» አለች። ስለ አንተ ደግ ከተናገረች ከዲሴምበር ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው፣ ደግ ከተባለ።

ለአቶ ኤልዉድ መልስ ሰጥቻለሁ። ዙሩ አይደገም። ግሩዳ ሞቷል፣ እንደሞተ ይቅር። አስነሥቼው በየዙሩ ሊሞት ነው ብዬ ስሰጋ መኖር አልፈልግም፤ አንድ የካዝ የሆነ ነገር አንዴ ሞቶ ይረፍ። ለቅሶዬንም አሰብኩበት። አንተ ዋሸህ እንጂ እኔ አውቶቡሱ ውስጥ ያለቀስኩት ውሸት አልነበረም። ለካዝ ነበር፣ ላንተ አይደለም። ስለዚህ ካንተ መቀበል የለብኝም፤ እኔው ወስጄዋለሁ። ይህችን ለማወቅ አንድ ወር ፈጀብኝ፣ የፈጀብኝም ባንተ ምክንያት ነው፤ አልረሳልህም።

ስልሳ ሁለተኛው ዙር ማርች ላይ ይጀመራል። አቶ ኤልዉድ ይዳኛሉ፤ ኮሪን ፖስታዎቹ ከመዘጋታቸው በፊት አድራሻውን ታያለች። ከአስራ አንዱ ተጫዋቾች ስምንቱ ተመልሰዋል። ኦርኮቹን የምትመራው ድልድዩን ከተሻገሩት አንዷ ናት፤ አስራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ስም ገና አላወጣሁላትም። የኔ ፍጥረት ናት፤ የካዝ አይደለችም።

አንተም ተጫወት። ብዙዎቹ ይባረር ብለው ነበር፣ እኔ አይሆንም አልኩ። የምትባረርበትን ምቾት አልሰጥህም።

ደብዳቤ ግን አትጻፍልኝ። በገና ካርድ፣ በይቅርታ፣ በእናቴ ጉልበት አታሳብ። ጓደኛ መሆን ታውቅበታለህ፣ እሱን አልክድህም። ያላወቅክበት ጠላትነቱን ነው። መጀመሪያ ደህና ጠላት ሁነኝ። ጦርህን ሳታይ አሰልፍ፣ እኔም ሳላይ አሰልፋለሁ፤ ከቻልክ አሸንፈኝ። ከዚያ አንድ ቀን፣ መቼ እንደሆነ እንጃ፣ ከኦርኮቼ አንዱን በሕይወቱ የያዝክብኝ ዕለት፣ ደንቡ እንድትጽፍልኝ ያስገድድሃል።

ያን ጊዜ ጻፍ፣ አነብልሃለሁ።

ሊዮና ፕሩስኪ